የቆረጥኳቸው መልሶች

የጆሮ ማዳመጫ ስፖንጅ ሲያረጅ ይፈረፈራል። ጥቁር ጥቁር ቅርፊቱ ጆሮ ላይ ይለጠፋል፤ ሽታውም የላብና የጎማ ነው፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጫማ ይመስላል። ትናንት ዕቃ ሳገላብጥ አንዱን አገኘሁና፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጆሮዬ ላይ ደፋሁት። ገመዱ የትም አልተሰካም፤ ምንም አይሰማም። እኔ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር ካለችው ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ወደ ሀርጌሳ ያመጣችኝ አክስቴ ናት። ከኮምቦልቻ መጥተን ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ከፍታ ነበር፤ እኔ ለወጉ ሻጭ ነበርኩ። ሶማልኛ ስለማልችል ሰው ሲገባ ፈገግ ማለት ብቻ ነበር ሥራዬ። አክስቴ ደግሞ «ፈገግታ ጨርቅ አይሸጥም» ትለኛለች። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ለስቱዲዮው ግድግዳ የሚሆን ወፍራም መጋረጃ ሊገዛ መጣ። የእኛን አማርኛ ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የሀርጌሳ ሰው ቢሆንም ያደገው ድሬዳዋ ነው። ድምፅ የሚያፍን ጨርቅ እንደሚፈልግ ሲነግረን፣ እኔ ጣቃዎቹን አንድ በአንድ አፌ ላይ እየያዝኩ አወራሁባቸውና «ይሄኛው ይሻላል» አልኩት።

«አቦ፣ ይቺ ልጅ ጆሮ አላት!» አለ ወደ አክስቴ ዞሮ። «ሱቅ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

የድምፅ ቀረጻ ተማሪ የሆንኩት እንዲህ ነው። አስተማሪዬ ሆነ። «አንቱ» ስለው «አታስረጂኝ» እያለ ይቆጣኝ ነበር። ባዶ ክፍል እንኳ የራሱ ድምፅ እንዳለው ያሳወቀኝ እሱ ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት ያንን ዝምታ ለብቻው እንቀዳለን። ከዚያ በኋላ ሳል፣ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ ያልተፈለገ ሰው ድምፅ ሲገኝ ይቆረጥና ዝምታው በቦታው ይለጠፋል። እጄ ቶሎ ተፍታታ። ስፌቱ እንዳይሰማ አድርጌ መቁረጥ እችል ነበር፣ ወላሂ፣ ዛሬ ያን ያህል አልቆርጥም።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ታመመችና ወደ አገር ተመለሰች። እኔ ሙያውን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ፤ ስቱዲዮው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ብቸኝነት እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሰው ያወራል። ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ ምራቁን ሲውጥ ይሰማኛል፣ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። አንዱም እኔን አያወራኝም። ማዳመጫውን አውልቄ ስወጣ ደግሞ ባለሱቁ «አሰላሙ አለይኩም» ሲለኝ ሰላምታውን አሳምሬ እመልሳለሁ፤ የቀኑ ወሬዬ በዚያ ያልቃል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች የመጡት ያኔ ነው። አንደኛው ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ በልጅነታቸው በድርቅ ዘመን ከአባታቸው ጋር ግመል እየነዱ የሄዱትን መንገድ ለልጅ ልጆቻቸው ሊተርኩ ነው። ሁለተኛው የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ናቸው፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። አስተማሪዬ አንድ ማይክ መሃላቸው አቆመና ቀዳቸው። በማግስቱ ለሥራ ወደ በርበራ ሲሄድ «የሽማግሌውን ቅጂ አጽጂልኝ» ብሎኝ ሄደ።

አዳመጥኩት። ተራኪው አንድ ነገር ይላሉ፣ ጓደኛቸው «ሃዬ» ይላሉ። ደግሞ ይላሉ፤ ደግሞ «ሃዬ»። እኝህ ሰውዬ አላስወራ አሉ እኮ! ብዬ ተናደድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አቀርቅሬ እያንዳንዱን «ሃዬ» ቆርጬ አወጣሁ፣ በየቦታው ዝምታ ለጠፍኩ። ቁርጥራጮቹን ያለ ስም ያለ ተራ አንድ ፎልደር ውስጥ ጣልኳቸው። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት። ስጨርስ በራሴ ኮራሁ።

አስተማሪዬ ከተመለሰ በኋላ ባለ ሂናው ሽማግሌ ብቻቸውን መጡ። ጓደኛቸው ከቀረጻው በኋላ በነበረው ጁምዓ ሞተው ነበር። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ተባብለን፣ ሽማግሌው ተቀመጡና ማዳመጫውን አደረጉ። ትንሽ ሰሙ። ወደ አስተማሪዬ ዞረው አንድ ነገር አሉ፤ የአስተማሪዬ ፊት ተለወጠ።

«ምን አሉ?»

«‘የማወራው ለማን ነው?’ ይላሉ።»

አስተማሪዬ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «በእኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይተርክም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሃዬ የሚልለት ሰው ይቀመጣል። ሃዬ ባይ ከሌለ ዝም ነው። እሳቸው ደግሞ ውጭ አገር ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ እዚያ ማን ሃዬ ይላቸዋል? ለጓደኛቸው ድምፅ ብለው ነው የመጡት፣ ሌላ ቦታ አልተቀዳም።»

የሚገርመው እኔም አውቀው ነበር። አባቴ ሲያወራ እኛ «እህ» ካላልን «ለግድግዳ ነው እንዴ የማወራው?» ብሎ ያቋርጥ ነበር። ያው በሶማልኛ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም።

የነበረው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መመለስ። የትኛው «ሃዬ» የት እንደነበር የሚያውቁት ግን ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ስለዚህ በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ በፔርሙዝ ሻይ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አስተማሪዬ በሌላው ክፍል ሥራውን ይሠራል፤ እኛ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ጊዜያቸው የለቀሟቸው ሁለት የአማርኛ ቃላት ነበሯቸው፤ «ቆይ» እና «እሺ»። ቦታው ሲደርስ «ቆይ!» ይላሉ፣ አቆማለሁ። ቁርጥራጮቹን በተራ አሰማቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ትክክለኛው ሲመጣ በሙስበሃ መቁጠሪያቸው ጠረጴዛውን መታ አድርገው «እሺ»።

ለካ «ሃዬ» አንድ አይደለም። የሚስቅ አለ፣ የማያምን አለ፣ ሐዘን ያነቀው አለ። ሽማግሌው አንዳንዴ በራሳቸው ወሬ ይስቃሉ፣ አንዴ ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ወደ ሥራ እየሮጥኩ መሄድ ጀመርኩ። ሁለት ብርጭቆ አጥቤ እጠብቃለሁ። ሰው ጎኔ ተቀምጦ፣ ስሠራ እያየኝ፣ ሻይ ሲቀዳልኝ፤ ከአክስቴ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በደሌ ያመጣው ደስታ መሆኑን እየረሳሁ መጣሁ።

ቁርጥራጮቹ ግን አለቁ። አንድ ቀን ፎልደሩን ብከፍት ጥቂት ብቻ ቀርተዋል፤ ዛሬ እንጨርሳለን፣ ነገ አይመጡም። ከመምጣታቸው በፊት አንዱን፣ ቀስ ያለውን፣ ጉሮሮ ጠረግ አድርጎ የሚመጣውን «ሃዬ» አንስቼ ደበቅሁት። አስቤ ያደረግሁት ነው፤ ሳላስብ ነው ብል እዋሻለሁ። ቦታው ሲደርስ «ቆይ» አሉ። የቀሩትን ሁሉ አሰማኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እጄን ዘርግቼ እፈልገዋለሁ፣ ነገ ይምጡ ለማለት ሞከርኩ። ገባቸው። «እሺ» አሉ።

በማግስቱ ብርጭቆዎቹን አጥቤ ስጠብቅ የእህታቸው ልጅ መጣ። የመኪናው ሞተር እንኳ አልጠፋም። የጉዞው ቀን በድንገት ቀደም ብሎ ሽማግሌው አየር ማረፊያ ናቸው፣ ቅጂውን ነው የፈለጉት። አስተማሪዬ ፍላሹን ሰጠው። አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ አንዲቷን ወደ ቦታዋ መልሼ። ግን ደብቄ እንደነበር ሊታወቅ ነው ብዬ አፌ ተሳሰረ። ያኑ ዕለት በኋላ ሌላ ሰው ስንቀዳ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ አስተማሪዬ እንደ ልማዱ እጁን አንስቶ ድምፁ እስኪርቅ አስቆመን።

ከወራት በኋላ ከሽማግሌው ልጅ የድምፅ መልእክት መጣ፤ አስተማሪዬ እየሳቀ ተረጎመልኝ። አባቷ ቅጂውን በየቀኑ ይሰማሉ። «አንድ ቦታ ላይ ግን ጓደኛቸው ዝም ይላሉ አለች። እዚያ ሲደርሱ ራሳቸው ‘ሃዬ’ ይላሉ አለች። አየሽልኝ እኚህን ሽማግሌ?»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያን ቀን እንኳ የደበቅሁትን መላክ እችል ነበር። ለመላክ ግን መናገር ነበረብኝ፤ ከተናገርኩ ደግሞ ለምን እንደደበቅሁት እጠየቃለሁ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው ማለት ደግሞ ከስርቆቱ በላይ አሳፈረኝ። ነገ እልካለሁ፣ ነገ እልካለሁ አልኩ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ እዚያ ቦታ ላይ ለራሳቸው መለሱ። የጓደኛቸው መልስ እኔ ዘንድ ነበር።