ከኩርባው የማይነቃነቀው ትራፊክ

በወልድያና በመርሳ መካከል ሚኒባስ ስነዳ በነበረበት ጊዜ እግሬ ነዳጅ ላይ ካረፈ መነሣት አያውቅም ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ወረፋ አለ፤ ቀድሞ የተመለሰ ቀድሞ ይጭናል። አጉል ኩራትም ነበረብኝ። ተሳፋሪ "ከእሱ ጋር ከሄድክ ቶሎ ትደርሳለህ" ሲል ስሰማ ልቤ ያብጣል።

መርሳ መግቢያ ላይ ተማሪዎች አስፋልት የሚሻገሩበት ኩርባ አለ። እዚያ አንድ ቀጭን ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል። በፍጥነት በመንዳት ሦስት ጊዜ ቀጥቶኛል። ሦስተኛውን የቅጣት ወረቀት ሲሰጠኝ "ጥፋትህ መዝገብ ላይ እየተደመረ ነው፤ አንድ ከደገምክ መንጃ ፈቃድህ ይታገዳል" አለኝ። እንጀራዬ በዚያች መንጃ ፈቃድ ላይ ነው፤ የምር ፈራሁ።

ፈራሁ እንጂ አደብ አልገዛሁም። የተማርኩት እሱ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ነው። እኛ ሾፌሮች ኩርባው ጋ ስንደርስ እንደ ሙሽራ መኪና እንንቀራፈፋለን፤ ካለፍን በኋላ የባከነችውን ደቂቃ እናካክሳለን። ከፊት የሚመጣ ሾፌር ሁለት ጊዜ መብራት ከሰጠህ ትራፊክ አለ ማለት ነው፤ እጅህን አውጥተህ ታመሰግነዋለህ። ሻይ ቤት ስንገናኝ እንስቅበት ነበር። ቦታ እንኳ መቀየር የማያውቅ ሞኝ!

ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ በተባለ ቀን ከተማው ነቅሎ ወጣ። እኔም እናቴንና የሰፈሬን ሰው አጭቄ ወደ መርሳ በረርኩ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከኋላችን ይሰማል። እናቴ "ቀስ በል ልጄ" ትላለች፤ ማን ሊሰማት! ዛሬ ማን ይቀጣኛል? ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ልንገባ ስንል፣ ቤተሰቡን ሊያወጣ ወደ ወልድያ የሚመለስ አንድ ሾፌር ሁለት ጊዜ መብራት ሰጠኝ። "ዛሬ ደግሞ የምን ትራፊክ!" ብዬ ሳልጨርስ እግሬ በልማድ ፍሬን ረገጠ።

ኩርባውን ዞርኩ። አስፋልቱ በሰው ተሞልቷል። ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለች፣ ላም የሚነዳ፣ ደክሟቸው መሐል መንገድ ላይ የተቀመጡ አዛውንት። በመሐላቸው እሱ ቆሟል። የቅጣት ወረቀት የለው፣ ብዕር የለው፤ ፊሽካ ብቻ ይዞ መኪና ያቆማል፣ ሰው ያሻግራል። በመጣሁበት ፍጥነት ዞሬ ቢሆን ኖሮ ስንቱን... እስከ ዛሬ ይህን ሐሳብ ጨርሼው አላውቅም።

ወደ መስኮቴ መጣ። ከድንጋጤዬ ብዛት መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ዘረጋሁለት።

"አስቀምጠው" አለኝ። "እኚህን እናት ጫንልኝ፤ እግራቸው ዝሏል።"

"ትርፍ ይሆናል እኮ፣ ጋሼ" አልኩት። ምን እንደነካኝ እንጃ።

ሳቀ። "አብሽር፣ ዛሬ ፈቅጄልሃለሁ።"

እናቴ ጠጋ ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። እሱ በሩን ዘጋና "መብራት ሰጡህ አይደል?" አለኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ለካ ያውቃል!

"ሞኝ እንደምትሉኝም አውቃለሁ" አለ። "ይኼን ሁሉ መንገድ እኔ አንድ ሰው አልጠብቀውም። ልጆቹ የሚሻገሩት እዚህ ነው። እዚህ መቆሜን ሁላችሁም ካወቃችሁ፣ ቢያንስ እዚህ ቀስ ትላላችሁ ብዬ ነው።"

ያን ሁሉ ዓመት የሸወድኩት መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።

ፊሽካውን ነፍቶ መንገድ አስከፈተልኝ። ከፊቴ ወደ ኩርባው ለሚመጣው መኪና ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ መብራት እየሰጠሁ፣ ቀስ ብዬ መርሳ ገባሁ።