ጥር ሁለት

ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ለምን ዝም አልኩ?

የታሰርኩት ለሰፈሬ ሰዎች አቤቱታ ጽፈሻል ተብዬ ነው። ማቆያው አቃቂ ውስጥ ያለ፣ ቀድሞ የዱቄት መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ከቆርቆሮው ቀዳዳዎች ወለሉ ላይ የወረደውን የብርሃን ነጠብጣብ ነበር። ግድግዳውን የተደገፈች ሁሉ ጀርባዋ ነጭ ሆኖ ትነሳለች። አቤቱታ መጻፌን ሲሰሙ ሴቶቹ "ቲቸር" አሉኝ። አስተማሪ አይደለሁም፤ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ነኝ። ስሙን ግን ወደድኩት።

አጠገቤ የምትተኛው ባሏ የሞተባት የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ልጇ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ተመርጣ ለውድድር ወደ ውጭ ልትሄድ ነው። አንድ ቀን ከስንቋ ጋር የወላጅ ፈቃድ ፎርም ገባላት። በእንግሊዝኛ ነው፤ የልደት ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ይሞላ ይላል።

"ቲቸር፣ በሞቴ አንቺው ሙይልኝ። ጥር ሁለት ነው የተወለደችው" አለችና ዓመቱን ነገረችኝ።

ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በዓመቱ ላይ ሰባት ደመርኩ። የማታ አስተማሪያችን ሰባት ደምሩ ያለን ኅዳር ላይ እንደነበር ልብ አላልኩም።

ሳሪስ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ከጥግ ቀና አለች። "ቲቸርዬ፣ ጥር እኮ ነው! የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ስምንት አይደለም እንዴ? ወላሂ፣ የብስኩት ጊዜ የሚያልፍበትን ቀን ሳሰላ ነው ያረጀሁት።"

"ልጅ ብስኩት አይደለችም" አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ስቃ ተወችው። እናትየው ፈረመች።

ከሳምንት በኋላ እናትየው ከጥየቃ ስትመለስ እግሯን እየጎተተች ነበር።

"ቀረች" አለች። "ፎርሙና ፓስፖርቷ በአንድ ዓመት ተለያዩ አሏት። ዕድሜ ሳትደብቅ አልቀረችም ብለው በሌላ ልጅ ተኳት።"

"ምክንያት ነው! የእስረኛ ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ!" አለች አንዷ።

"አዎ፣ በእኔ ነው" አለች እናትየው። "በእኔ መታሰር።"

ባለሱቋ አየችኝ። አንድ ዓመት ሲባል ወዲያው ገብቶኝ ነበር።

"ምክንያት ነው" አልኩ እኔም።

የጨዋታው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠባቂዋ ሬዲዮዋን መስኮቱ ላይ አኖረችልን። የእኛ ልጆች ጎል ሲያገቡ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሁሉም እናትየውን ፈራ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

"ምን ሆናችኋል? የሰው ልጅስ ልጅ አይደለችም? እልል በሉ እንጂ!"

ሁሉም ተቀበሏት። እኔ ሬዲዮው ያለበት መስኮት ሥር ሄጄ ቆምኩ።

ከተፈታን ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ለሰው ፎርም ስሞላ አንዱን ቀን ሦስቴ አሰላለሁ። ሰዎች ጥንቃቄ ይመስላቸዋል፤ ጎበዝ ይሉኛል።

ባለፈው ጾም ኮዬ ፈጬ እናትየው የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ድረስ ሄድኩ። ወንበር ሳበችልኝ፤ ሳልቀመጥ ነገርኳት። ባለሱቋ እንዳረመችኝና እኔ እንዳሳቅሁባትም አልደበቅሁም።

የሳበችልኝ ወንበር ላይ እሷው ተቀመጠች።

"ልጄን እኮ ስንት ዓመት ይቅርታ ስለምናት ኖርኩ" አለች። "በእናትሽ ጣጣ ነው የቀረሽው እያልኩ።"

አልጮኸችም። ስልኳን አንስታ ደወለችና፣ ገና ሲጠራ፣ እጄ ላይ አኖረችው።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?" አለች ልጅቷ።

"ፎርምሽን የሞላሁት ሴት ነኝ" አልኳት።