መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አታንሳ

ባሌ በፒክአፑ ከጂጂጋ ደገሀቡር ለስላሳና ውሃ ያመላልስ በነበረበት ጊዜ በሰዓቱ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጎማ የፈነዳበትን ያግዛል፣ ውሃ ጥም የያዘውን ያጠጣል፣ ምጥ የያዛትን ያደርሳል። እኔ ወጥ እያሞቅኩ በር በሩን አያለሁ። «አገሩን ሁሉ አንተ ነህ የተሸከምከው?» እለዋለሁ በንዴት። «ሀዬ፣ ሀዬ» ይለኛል፣ እሺ እሺ ማለቱ ነው በሶማሊኛ። ጂጂጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ የሚያበሽቀኝ በሁለት ቋንቋ ነው። ከዚያ ይስቃል። ወይኔ ያ ሳቁ!

ከኮሮናው ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከደገሀቡር ባዶውን ሲመለስ አንድ ሽማግሌ አስፋልቱ ዳር ወድቀው አገኘ። የገጫቸው መኪና የለም፤ ግመሎቻቸው ብቻ ዙሪያቸውን ቆመዋል። ውሃ በከንፈራቸው ጠብ አድርጎላቸው፣ ከኋላ ብርድ ልብስ አንጥፎ ጭኖ ጂጂጋ ሆስፒታል አደረሳቸው። በሩ ላይ «ቤተሰብ ማን አለ?» ሲባል «አጎቴ ናቸው» አለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሆስፒታል በር ላይ ወገን የሌለው ሰው እንዳይጉላላ ያመጣው ሁሉ ዘመድ ይሆንለታል። እኔም ብሆን እለው ነበር።

ፖሊስ መጥቶ «የአጎትህ ስም ማን ነው?» ሲለው ግን አለቀለት። ስማቸውን ከየት ያምጣው? ሽማግሌው ራሳቸውን አያውቁም። «ዘመድህ ካልሆኑ ለምን ዋሸህ? ካልገጨሃቸውስ ለምን ጫንካቸው?» አሉት። ካልገጨህ ለምን ጫንክ! ይቺን ጥያቄ ዛሬም ሳስባት ደሜ ይፈላል። ፒክአፑ ላይ ደም አለ፣ ምስክር የለም፣ አሰሩት።

እውነቱን ለመናገር መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ ጥሏቸው ቢሄድም ህጉ ይጠይቀው ነበር፤ አምጥቷቸውም ይጠየቃል። ሽማግሌው ነቅተው ይናገሩ እንጂ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። «ቢሞቱስ?» አልኩት። መዝገቡን ከድኖ ተነሳ።

የሽማግሌው ዘመዶች መጥተው ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ዛፍ ስር ተቀመጡ። በእነሱ ደንብ እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው በወገንና በወገን መካከል ነው፤ ገጨ የተባለው ሰው ሽማግሌዎች መጥተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። «የሱ ሰዎች የታሉ?» ብለው ጠየቁ። የሱ ሰዎች! አያቱ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ያለነው እኔና እናቱ ብቻ ነን። ሁለት ሴቶች ግንቡን ተደግፈን ቆመናል፣ የጂጂጋ ነፋስ ነጠላችንን ይጎትታል። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ቅመም ነጋዴው፣ ሱቃቸውን ዘግተው መጡና ዛፉ ስር ቁጭ አሉ። «ይሄ ልጅ እኔ ደጅ ነው ያደገው። የምትጠይቁት ነገር ካለ እኔን ጠይቁኝ» አሏቸው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ሽማግሌው ነቁ፤ ፈጣሪ ይመስገን። «የገጨኝ የጭነት መኪና ነው። ይሄኛው ውሃ ያጠጣኝ ነው» አሉ። ተፈታ። ዘመዶቻቸው አቅፈው ሳሙት፣ ፍየል ጎትተው ቤታችን ድረስ መጡ። እኔ እልል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰብኩ። በቃ፣ አለፈ ብዬ ነበር።

እናቱ ግን እንግዶቹ ሲወጡ የቀሚሳቸውን አንገት ገለጥ አድርገው ጡታቸውን ያዙ። «ይሄን የጠባኸውን ጡት ይዤ ነው የምለምንህ! ከእንግዲህ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አታንሳ!» አሉት። እናቱ ጡቷን ይዛ የለመነችው ሰው ምን ይላል? አቀርቅሮ «እሺ እማዬ» አለ። በዓመቱ እሳቸው አረፉ። በሕይወት ቢኖሩ እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን ቃሉን አስፈታው ነበር። አሁን ማንን ልለምን?

ከዚያ ወዲህ በሰዓቱ ይገባል። ትኩስ ትኩሱን በልቶ ይተኛል። ድሮ ስለማላውቃቸው ሰዎች ሲያወራልኝ እራት ይረሳ ነበር፤ ኤረር ያለ ልጇን ልትጠይቅ ስለምትሄድ ሴት፣ በመኪናው ውስጥ ስለተወለደ ሕፃን። ዛሬ የሚያወራው ስለ ነዳጅ ሰልፍ ነው። አንዳንዴ ቢያመሽ፣ ብነዳደድ፣ ብጨቀጭቀው እያልኩ እመኛለሁ። እብደት ነው መቼም።

አምና ሐርተሼክ ከተማ ሰርግ ተጠርተን ነበር። ስንመለስ አንዲት ሴት ከተገለበጠ ሞተር አጠገብ ወድቃ አየን። እጇን ዘረጋችልን። እሱ ነዳጅ ረገጠ።

«ቁም! ኧረ በማርያም ቁም!» ብዬ ጮህኩ።

አልፏት ሄዶ ቆመ። መሪውን ግን አልለቀቀም።

«ቃል አለብኝ» አለ።

«እኔ የለብኝም!» ብዬ በሩን በርግጄ ወረድኩ። የሰርግ ጫማዬን ጥዬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ትተነፍሳለች። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ሳይ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመልን። «ማን ነው የገጫት?» አለ ሹፌሩ። «አላውቅም፤ ና አንሳልኝ!» አልኩት። ተጋግዘን ጫንናት።

ወደ ጂጂጋ ስንነዳ በባሌ አጠገብ አለፍን። ከፒክአፑ ወርዶ መንገዱ ዳር ቆሟል። ወደ እኛ ሊመጣ ጀምሮ እግሩ እምቢ ያለው ይመስላል። አየኝ፣ አየሁት።

ሐኪሞቹ ሴትዮዋን ተቀበሉኝ፣ ፖሊስም የማውቀውን ጠይቆ ለቀቀኝ። ስወጣ ባሌ ሆስፒታሉ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

«ተረፈች?» አለኝ።

«ተርፋለች።»

ደረቴ ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጥብቅ አድርጌ አቀፍኩት። እቅፌ ውስጥ ሆኖ ናፈቀኝ።