የሊን አያት ካንቶኒዝ

እናቴ ቤት ብርቱካን ስልጥ፣ ሽታው ልጅ ሳለሁ ወደኖርንበት ወደ አሜሪካዋ ሲታክ ከተማ አፓርትመንት መለሰኝ።

የጎረቤታችን ልጅ የሊን አያት የብርቱካን ልጣጭ ለሾርባ ብለው በክር እየሰኩ መስኮት ላይ ያደርቁ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሊን ከካንቶኒዝ ቻይንኛ ትምህርቷ መልስ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነባለች። መጽሐፏ ላይ ቃሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ ድምፁ የሚወጣና የሚወርድበት በቁጥር ተለይቷል። ፖፖ የምትላቸው አያቷም እየተከተሏት እንደ መንደራቸው አነጋገር ይሉታል።

«ኖ፣ ፖፖ! ቲቸር እንደዚህ አላለችም» አለችና ቁጥሩን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

አያቷ እንደገና ሞከሩ። አሁንም አረመቻቸው። ከዚያ መከተሉን ትተው ልጣጩን መሰካት ቀጠሉ። እኔ ለሳቸው አፈርኩ።

ልትወስደኝ የመጣችው እናቴ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆማ አይታለች። ደረጃውን ስንወርድ «ታድለው! የሚያርማቸው አላቸው» አለች። መታረም ምኑ መታደል ነው ብዬ ገረመኝ።

አሁን እናቴ ሳሎን ሆና አገር ቤት ላለችው እህቷ ኮል አድርጋ በጉራጊኛ ታወራለች፤ እኔ ሳልማረው ባደግሁት ቋንቋ። ስቃ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ብርቱካኑን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ላርማት ይቅርና ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም።