እርግብግቢቷ ሳይገጥም

ልጄ ስትወለድ ቶሎ አላለቀሰችም። ያዋለደችኝ ነርስ ጀርባዋን አሽታ አሽታ ነው ድምፅዋን ያሰማችን። ገሳይ ከተማ ወዳለው ቤቴ ገብቼ አራስ ሳለሁ ደግሞ እርግብግቢቷ፣ ያ አናቷ ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ፣ እያበጠ መጣ። በየጠዋቱ ቅቤ የሚቀቧት አማቴ ግን ደስ አላቸው።

«እሰይ! ቅቤው ገብቶላት ነው» አሉ።

«እማማ፣ ቅቤ አናት ያሳብጣል እንዴ? ዓይኗ ሲገለበጥ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አያዩም?»

«ዝም በይ አንቺ! ክርስትና ሳትነሳ አራስ ከደጅ አይወጣም።»

ክርስትናዋን ስጠብቅ ልቅበራት? ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ልጄን ታቅፌ ደብረ ታቦር ሄድኩ። ነፍሰ ጡር ሳለሁ በታየሁበት ክሊኒክ የአልትራሳውንዱ ባለሙያ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳልኝም።

«ይኼ ለነፍሰ ጡር ነው። የሕፃን ጭንቅላት አናይም። ሂጂ።»

«ሐኪሙን ላግኝ» ስለው «የሉም» አለኝ። ቤት ስመለስ አማቴ «አላልኩሽም?» አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ጡት መሳብ ተወች። ተመልሼ ሄድኩ፤ ያን ቀን ግን አፌን አልሰበሰብኩም።

«ሆዴ ውስጥ ሳለች ጭንቅላቷን ለክተህ ደህና ነው ብለኸኛል! በቆዳዬ፣ በሥጋዬ አልፈህ ያየኸውን ዛሬ እጄ ላይ ሆና ነው የማታየው? ኧረ በሕግ አምላክ!»

ጩኸቴን ሰምተው ሐኪሙ ከውስጥ ወጡ። ቅቤውን በጥጥ ጠርገው መሣሪያውን እርግብግቢቷ ላይ አሳረፉት። አጥንቱ እስኪገጥም አንጎሏ በዚያች ክፍተት እንደሚታይ ነገሩኝ። ስክሪኑ ላይ መሀሉ ጠቁሮ፣ ሰፍቶ ይታያል።

«ደም ፈስሶ ነበር። አሁን ውኃ ተጠራቅሞ አንጎሏን እየተጫነው ነው። ዛሬውኑ ባሕር ዳር ትድረስ» አሉኝ። ቀጥለውም «ምነው ትንሽ ቀደም ብለሽ ብታመጫት?»

«መጥቼ ነበር!» አልኩ። ባለሙያው ጫማውን ያያል።

ባሕር ዳር ውኃውን ቀዱላት፣ ተረፈችልኝ። ዛሬ ትስቃለች፣ አፏም አያርፍም። እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ጎረቤት ሊያጽናናኝ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። እግዜር በምን ዕዳው? እግዜር ወንበር ላይ ተቀምጦ «ሂጂ» አላለኝም።