ትልቁ ቲቪ ጅዳ ቀረ

«አክስቴ፣ ቆይ አትግዢው» አልኩ ዛሬ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አክስቴ ዘሃራ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። በቅርቡ ጠቅልላ ልደታ ወደ እኛ ስለምትመጣ፣ ቲቪ ልትገዛ ሱቅ ገብታ በቪዲዮ ደወለችልን። እናቴና ወንድሞቼ ግድግዳ የሚያህለውን መረጡ። ሻጩም «ወላሂ፣ የትም አገር ይሠራል» ይላል።

እኔ ስልክ ሲሰጡኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ለሌላ የማቀብል ልጅ ነኝ። ግን ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ከዚያው አገር ያመጡት ቲቪ ገና ሲሰካ ሲጨስ አይቻለሁ። የእኛ መብራት በዛበት ተባለ።

«ጀርባውን አሳዪኝ» አልኳት። 110 ቮልት ብቻ ይላል። የእኛ 220 ነው።

«አንቺ ደግሞ መቼ መሐንዲስ ሆንሽ?» አለኝ ታላቅ ወንድሜ።

አክስቴ ግን ሌላ አስወረደች። አነስ ይላል፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ተጽፎበታል። እሱን ገዛች።

ወንድሞቼ አኩርፈዋል። እኔ ግን ቅልል ብሎኛል። የስንት ዓመት ልፋቷ እኛ ቤት ሶኬት ላይ ሊቃጠል ነበር።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ለካ ድምፅ አለሽ» አለችኝ።

እናንተስ ከውጭ የመጣ ዕቃ ስትሰኩ ምን ገጠማችሁ? ጻፉልኝ፤ ማውራት እንጂ ማንበብ አያሳፍረኝም።