ግሩምና መብራት ሲመጣ የምትነሣው ራውተር

ግሩም የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን ፔዳ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል። ደግነቱ ልክ የለው፣ ይሉኝታውም እንደዚያው። ለልደቱ ጥቂት ሰው ጥራ ብንለው ከመሸንቲ እስከ ጣና ዳር የሚያውቀውን ሁሉ ጠርቶ እኛ ባለቤቶቹ ቆመን በላን!

ራውተሯንም እንዲሁ አደረጋት። መዳፍ የምታክል ኢንተርኔት የምታከፋፍል አሮጌ ራውተር ገዛና ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት ጫነባት። ከዚያማ ማን ይቻለው! የፎቶ ማስቀመጫ፣ ማስታወቂያ ማገጃ፣ የካሜራ፣ የማተሚያ፣ ምኑ ቅጡ፣ ያገኘውን ፕሮግራም ሁሉ እሷ ስትነሣ አብሮ እንዲነሣ አዘዘ። ምስኪን፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሸክሙ ከብዷት መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ግሩም ላፕቶፑን ይዞ ካልደረሰላት ኢንተርኔት የለም።

እሑድ ከሰዓት ልጄ ብሥራት እየበረረች መጣች። «እማዬ! ለሥራ ሊያነጋግሩኝ ነው፤ ነገ ጠዋት በቪዲዮ!»

እልል አልሁ። ወዲያው ደግሞ ክው አልሁ፤ ነገ ጠዋት ግሩም ፈረቃ ገቢ ነው። መብራቱ እንደሆነ መሄዱ አይቀርም።

«ግሩም፣ ይችን ዕቃ አንድ ነገር በላት!»

«እትዬ፣ የቱን ልቀንስ? ሁሉም ይጠቅማል እኮ።»

«አንተ ሰው! ድግስ ላይ ካህናቱ ሳይቀመጡ ጎረምሳ ማዕድ ይከባል እንዴ? ለነገ የግድ መግባት ያለበት ማን ነው?»

ትንሽ አሰበና ከወንበሩ ብድግ አለ። «መስመሩ! የኢንተርኔት መስመሩና ዋይፋዩ ብቻ! ሌላው ሲፈለግ ይጠራል!» የቀረውን ሁሉ ስትነሣ እንዳይነሣ አደረገ። ሶኬቱን ነቅሎ ሰካው፤ መብራቶቿ ተራ በተራ ቦግ አሉ። ሦስታችንም ዘለልን።

ሰኞ ጠዋት ብሥራት ለጠያቂዎቿ እየመለሰች ሳለ ድርግም! «የጣናው ቂርቆስ፣ ድረስ!» አልሁ። መብራቱ ተመለሰ። ራውተሯ ላይ አንዱ በራ። ሁለተኛው በራ። ሦስተኛው ቆየ፣ ቆየና፣ በራ! የሰዎቹ ፊት ከች አለ።

«ይቅርታ፣ መብራት ሄዶብን ነው» አለች ብሥራት።

«በዚህ ፍጥነት ተመለሳችሁ? ጀነሬተር አላችሁ?»

«የለንም። አጎት አለኝ።»

ፋብሪካ ደውዬ ያለችውን ለግሩም ነገርሁት። ማሽኑ እየጮኸ ስላልሰማኝ እኔም ጮኼ ደገምሁለት።

«እንደዚያ አለች፣ እትዬ?» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ አስደገመኝ።

ሥራውን አገኘች። ለደስታዋ ግሩም ስንት ሰው እንደጠራ አትጠይቁኝ፤ እልል እያልሁ ቆሜ ነው የበላሁት።